ታፔላው ላይ ያስጻፍነው አድራሻ

ያንን ዌብሳይት በሁለት ቀን ነው በስልኬ የሠራሁት። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ሰው ይሄን ሲያደርግ ዝም አይልም፤ አሶሳ ውስጥ ያልነገርኩት የለም። የዌብሳይቱ ባለቤት ከመንጌ መጥተው የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

አብራኝ የተማረችና አሁን ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታጠና ልጅ አየችው።

«በነጻው የዌብሳይት መሥሪያ ነው የሠራኸው አይደል? ነገ ልውጣ ብትል አያስወጣህም። ፋይሉ እጅህ ላይ የሚቀርበት ይሻልሃል።»

«እሱን ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ወር።»

«እስከዛ ሽማግሌው ሌላ ቀርከሃ ተክለው ያሳድጋሉ» አልኳት። ስቃ ሄደች። ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ በዛው ሞቅታ አድራሻውን የሽማግሌው ሱቅ በር ላይ ያለው ታፔላ ላይ በቀይ ቀለም አስጻፍኩት።

ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል አንድ ነጋዴ መጣ። ለወንድሙ ሆቴል አርባ ወንበር ይፈልጋል፤ አማርኛ ግን አያነብም። ታፔላውን ፎቶ አንስቶ «ዓርብ አይቼ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ። የሱን ስልክ ቁጥር ግን ማናችንም አልተቀበልነውም።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ በዓረብኛ አድርገው» አሉኝ ሽማግሌው።

«ምን ችግር አለው» አልኩ።

መሥሪያው ዓረብኛውን ከግራ ጀመረው፤ ፊደሉ ተበጣጥሶ እያንዳንዱ ለብቻው ቆመ። ሽማግሌው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ቁርኣን ቤት ትናንት የገባ ልጅ ከዚህ ይሻላል።»

ቋንቋ ጨምር የሚል ቁልፍ ፈለግኩ፤ የለም። ሥራዬን አውርጄ ሌላ ቦታ ልውሰድ አልኩ፤ እሱም የለም። የራሴን ጽሑፍ እንደ ሌባ ከውስጡ መስመር በመስመር እየገለበጥኩ አወጣሁት፣ ፎቶውንም አንድ በአንድ። ከዛ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፗን ከፈተች፤ ሐሙስ ከሰዓት ዓረብኛው ከቀኝ ጀምሮ ቁጭ አለ።

«አድራሻውስ?» አለችኝ።

አዲሱ ዌብሳይት ሌላ አድራሻ ነው ያለው። የድሮው መጨረሻው ላይ የመሥሪያው ስም አለበት፤ የነሱ ነው፣ አብሮን አይመጣም። ነጋዴው ፎቶ ያነሳው ደግሞ እሱን ነው። ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እኔ በር ላይ የሰው ስም ነው የሰቀልከው?»

«አዎ።»

«ሰውዬው ቀርከሃ ቆርጦ ያውቃል?»

አፌን እንዲህ የዘጋው ሰው ብዙ የለም።

ልጅቷ ናት ያሰበችው። ያ መሥሪያ ዓረብኛ መጻፍ አይችልም፤ ፎቶ ግን ይቀበላል። ሽማግሌው ወረቀት ላይ በእጃቸው በዓረብኛ «ቤታችንን ቀይረናል፣ ከታች ያለውን ተጫን» ብለው ጻፉ። ፎቶ አንስቼ የድሮው ዌብሳይት አናት ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ የአዲሱን አድራሻ አደረግኩ።

ዓርብ ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ስወጣ ስገባ ሽማግሌው «መሬቱን ጨረስከው» አሉኝ። ከጁምዓ መልስ ስልካቸው ጮኸ። በዓረብኛ ብዙ አወሩ፣ ሳቁ፣ ዘጉት።

«ሃያ ወንበር» አሉ። «ሌላውን ሃያ፣ ይሄኛውን መጀመሪያ ልይና አዛለሁ አለ። ጽሑፌን ግን ወደደው፣ እጅህ ያምራል አለኝ።»

«ስለ ዌብሳይቱስ?»

«ስለሱ ምንም አላለም።»

መሰላሉን አምጥቼ አዲሱን አድራሻ ላስጽፍበት ታፔላውን ማውረድ ጀመርኩ። አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ «ሱቁ ተዘጋ እንዴ?» አለችኝ። አልተዘጋም አልኳት። ምስማሩ እምቢ አለ፤ አጥብቆ የመታው ደግሞ እኔው ነኝ።