ሦስተኛው ፍሪጅ

አባ ይርዳው ጎንደር ሳሉ ቤታቸው ወንዝ ዳር ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ገላቸውን ሳይታጠቡበት ሰንበት አይገባም ነበር። እስራኤል አገር ረሖቮት ከተማ መጥተው ሃያ ዓመት ብርቱካን ሲያሽጉ ኖሩና ጡረታ ወጡ። ወደ መዝከረት ባትያ በሚወስደው መንገድ ያለውን ወንዝ ቆሻሻ ሲውጠው እያዩ ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም። የሰፈሩ ሰው በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ለጽዳት ሲወጣ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።

አንጀታቸውን የሚያሳርራቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቆሻሻው ተጎትቶ ዳር ላይ ይከመራል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያነሳው መኪና አይመጣም። አንዱ ቢሮ የዚያኛው ሥራ ነው ይላል፣ ያኛው ደግሞ የዚህኛው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ክምሩን ጠራርጎ መልሶ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል።

ዘንድሮ አስተባባሪዋ ሜይታል፣ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ድምፅ ማጉያ ይዛ «በሦስት ዓመት ሦስት ፍሪጅ አወጣን» ስትል ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

አባ ይርዳው ጠጋ ብለው ዘንድሮ የወጣውን ፍሪጅ እጀታ አዩ። በመጀመሪያው ዓመት እሳቸው ለመጎተቻ ያሰሩት ቀይ ገመድ አሁንም አለ።

«አንድ ነው» አሉ።

«ምኑ፣ አባ?»

«ፍሪጁ ነዋ። ሦስቴ ያወጣነው ይህንኑ ነው።»

ሜይታል ሰዓቷን አየች። «ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ ለመኪናው ነገ እደውላለሁ። ያላ፣ ኑ ፎቶ እንነሳ።»

አባ ይርዳው ፍሪጁ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«አሁን ደውዪ» አሉ። «መኪናው ሲመጣ እኔንም አብሮ ይጫነኝ።»