«ነገ ይወጣል»

በቀደም ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማ ጧፏን በጣቷ ቆንጥራ አጠፋች። ጭሱ አፍንጫዬ ሲገባ ክው አልኩ። ማር ማር ይላል። የዘንድሮ ጧፍ ከምን እንደሚሠራ እንጃ፤ የሷ ግን እውነተኛ ሰፈፍ ነበር። አጥሩን ተደገፍኩ።

ወንድሜን መኪና የገጨው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ከቤቴል ሲመለስ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛው ከቤታችን በታች፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ፣ ያረጀ ቧንቧ እያቀለጠ የነሐስ መስቀልና ምስል ይሠራ ነበር። ሐዘኑ ሰንበት ሲል መጣና ለሙት ዓመቱ ፊቱን በነሐስ ልሥራላችሁ አለን። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ያኔ ነው ቀና ብላ ሰው ያየችው።

ለሥራው የሚያስፈልገውን የማር ሰፈፍ ያመጣችው ራሷ ናት፤ ጠጅ ቤት ካላት ወዳጇ ለምና፣ በፌስታል ተሸክማ። ጓደኛው አቅልጦ አጠለለው። ከዚያ ጭንቅላት በሚያህል ጭቃ ላይ ሰሙን እየለጠፈ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ እያየ ወንድሜን ይሠራው ጀመር። የከሰዓት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ስታርፍበት ሰሙ ደም ያለው ቆዳ ይመስል ነበር። እናቴ ሱቋን ዘግታ ስትመለስ በየቀኑ ጎራ ትላለች። ቁጭ ብላ ውሎዋን ታወራዋለች፤ ጓደኛውን አይደለም፣ ሰሙን። ማታ ቤት ስንገባ እራት መብላት ጀምራ ስለነበር እኔ ምን አግብቶኝ ተይ እላታለሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን «ጆሮውን ምነው አጣበቅከው? የኔ ልጅ ጆሮው ወጣ ያለ ነው» አለችና ከኋላ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ልክ ነበረች። በዚያች ግፊት ቁርጥ ወንድሜ ሆነ።

ከዚያ ጓደኛው ፊቱን በሙሉ በጭቃ ሸፈነው። እናቴ ቅር አላላትም፤ የታመመ ሰው በፋሻ እንደሚጠቀለል ነው ያየችው። መቼ እንደምናየው ስትጠይቀው «ማዘር፣ አይቸኩሉ፣ ነገ ይወጣል» አላት።

እንግዲህ አስበው። እኛ ቤት ይወጣል የሚባለው ሆስፒታል የተኛ ወይም የታሰረ ሰው ነው። እናቴ በማግስቱ ማለዳ ተነሥታ ነጭ ለበሰች፣ ዳቦ በፎጣ ጠቀለለች፣ እኔንም ቶሎ በይ እያለች አጣደፈችኝ። በሆዴ ሳቅኩባት፤ ግን እኔም ከሷ የተሻለ አላውቅም ነበር። ጭቃው ሲሰበር ሰሙ ውስጥ ለውስጥ ነሐስ ሆኖ የሚቆየን መስሎኝ ነበር።

ግቢው ማር ማር ይሸታል። ጭቃው በአፉ ተደፍቶ እሳት ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ብጫ ነገር ጠብ ጠብ እያለ በቆርቆሮ ቦይ ወደ ባኞ ይወርዳል። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ልጄስ?»

ጓደኛው ላቡን እየጠረገ በአገጩ ባኞውን አሳያት። «እየወጣ ነው ማዘር። ጥሩ አድርጎ እየወጣ ነው።»

ዳቦው ከእጇ ወደቀ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ባኞው ሥር ተንበርክካ ሰሙን አየችና፣ ቀስ ብላ፣ «ፊቱ የቱ ጋ ነው?» አለች።

እስከዛሬ እንደዚያን ቀን የደነገጥኩበት ጊዜ የለም፤ የመርዶው ቀን እንኳን እንደዚያ አልሆንኩም። ስንት ሳምንት ሲሠራ የቆየ ፊት፣ ስንት ወሬ የተወራለት ፊት፣ ዓይኔ እያየ ፈሰሰ። ጓደኛው ነገሩ ሲገባው ከንፈሩ ነጣ። ሰሙ ቦታውን ካልለቀቀ ነሐሱ መግቢያ እንደሌለው እየተንተባተበ ነገራት።

«አሁንስ ውስጡ ምን አለ?» አለችው።

«ባዶ ነው ማዘር። ቅርጹ ብቻ ነው ያለው።»

እጇን ወደሚፋጀው ጭቃ ስትዘረጋ ይዤ ወደ ቤት መለስኳት። ነሐሱ ሲፈስበት አላየንም። ጭቃው ተሰብሮ፣ ተሞርዶ፣ ተወልውሎ ሲመጣ ወንድሜ ነበር፤ ምንም አይወጣለትም። እናቴ ጉንጩን ነካችና «በረደው» አለች። ሳሎን አስቀመጠችው፤ ውሎዋን ግን ዳግመኛ አላወራችውም። ሰሙን ከጓደኛው ለምና ወሰደች፣ ጧፍ አስደረገችው፣ እስኪያልቅ ድረስ ቀራንዮ እየሄደች አበራችው።

አሁን እሷም የለችም። ነሐሱ እኔ ዘንድ ነው። አቧራውን ስጠርግ እጄ ሁልጊዜ ከጆሮው ኋላ ይሄዳል። እዚያ ትንሽ ጎድጓዳ አለች፤ ጓደኛው በሞረድ ሊያጠፋት ረስቷት ይሁን ሆን ብሎ ትቷት አላውቅም። የእናቴ አውራ ጣት መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። የራሴን ጣት አስገባባታለሁ። መጀመሪያ ይበርዳል፤ ትንሽ ስቆይ ይሞቃል።