የቀዩ ሞተር እውነተኛ ቁጥር

ሰፈሩ «ፊውዝ» ይላታል። ስሙ የወጣላት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ጫን ካሏት ቱግ ስለምትል ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈችው ዳሽቦርድ ሥር ተንጋላ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፣ የተቃጠለ ሽቦ ስትመዝ ነው። ለደንበኛ አትስቅም። ጥሩ ሥራ ከሠራች ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ካልሠራች ደግሞ ፈገግታ አያመጣውም ባይ ናት።

ከአባቷ የቀረውን ጋራዥ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ለሁለት ተካፍለውታል። ወንድሟ መንገድ ዳር ያለውን ሰፊውን ወሰደ፤ ለእሷ ጓሮው ደረሳት። በመካከላቸው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተመታ። እሱ ከውጭ አገር ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎችን እያስመጣ ይሸጣል። ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመት አለፋቸው። የመብራት ሥራ ፈልጎ የሚመጣ ሰው «እህትህ የት ናት?» ሲለው፣ «እሷማ ሥራ ትታለች፣ ትንሽ አሟታል» እያለ እንደሚመልስ ታውቃለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

አንድ ቀን ጠዋት በጓሮው በር አንዲት ወጣት ሴት ቀይ ሞተር እየገፋች ገባች። ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል።

«ሥራ ትተዋል ብለውኝ ነበር» አለች።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ወንድምዎ።»

«እሱ ያለሽን ካመንሽ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሴትየዋም የዋዛ አልነበረችም። ሞተሩን በማቆሚያው አቁማ ከደረት ኪሷ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ጭቅጭቅ ፍለጋ አልመጣሁም። አዋላጅ ነኝ። መኪና የማይገባበት መንደር ድረስ ምጥ የያዛት ሴት ጋ የምሄደው በዚህ ነው። የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ታርጋ አልሰጥም ብሎኛል። መሥራት ከቻሉ ይሥሩት፤ ካልቻሉ ይንገሩኝና ልሂድ።»

ፊውዝ ወረቀቱን አነሳች። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነገር ተጽፎበታል፤ የፊት መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው፤ የሻንሲው ቁጥር ያጠራጥራል፣ የሞተሩ ማንነት ይጣራ።

«ለወንድሜ አሳየሽው?»

«ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጠፈና ሂጂ አለኝ። መርማሪው ናስትሮውን በጥፍሩ ልጦ እግሬ ሥር ወረወረው። ስመለስ ወንድምዎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺ ሴትዮ፣ መንዳት ካልቻልሽ ሞተሩን አትውቀሺ።›»

ፊውዝ ሥራ ስትጀምር ወሬ አትወድም። የሞተሩን መሪ ወደ አንድ ጎን ጠምዝዛ አንገቱን አየች። የሻንሲ ቁጥር የሚገኘው እዚያ ነው፤ ፋብሪካው ብረቱ ላይ ቀጥቅጦ ያትመዋል። እዚህ ግን በሁለት የሪቬት ምስማር የተመታች አዲስ ቆርቆሮ ናት ያለችው። በቆርቆሮዋ ላይ ያለው ቁጥር አዋላጇ ከያዘችው ሰነድ ጋር አንድ ነው፤ መጨረሻው 4417።

«ይሄማ ልክ ነው» አለች አዋላጇ።

«ልክ የሆነው ቆርቆሮው ነው።»

ሪቬቶቹን በቀጭን መሰርሰሪያ በስታ ቆርቆሮዋን አነሳች። ሥሯ በወፍራም ቀለም ተደፍኗል። ጨርቅ ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ነክራ ቀስ እያለች አሸች። ከዚያ ስስ ወረቀት ደርባበት በእርሳስ ጎን ፈተገችው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። የመጨረሻዎቹ አራቱ 0982 ይላሉ። አሥረኛዋ ምልክት ደግሞ የተሠራበትን ዓመት የምትናገረው ናት፤ በሰነዱ ላይ ካለው ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ትመልሳለች።

አዋላጇ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ዓመድ መሰለ። «ታዲያ ይሄ የማን ሞተር ነው?»

ፊውዝ ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ባለፈው ኮንቴይነር ሲራገፍ በጓሮው በር ቆማ አይታለች፤ ሁለት ቀይ ሞተሮች ነበሩ፣ መልካቸው እንደ መንታ። አንዱን ወንድሟ በነጋዴ ጊዜያዊ ታርጋ ራሱ ይነዳዋል። አሁንም በር ላይ ቆሟል።

ደሟ ፈላ። እርሳሷንና ወረቀቷን ይዛ በጎን በኩል ዞረች፤ አዋላጇ ተከተለቻት። በአራት ዓመት ውስጥ የወንድሟን ሱቅ ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ገዢ ሰውዬ ሞተር እየመረጠ ነበር። ፊውዝ ማንንም ሳታናግር በወንድሟ ሞተር ፊት ተንበረከከች፣ ወረቀቱን አንገቱ ላይ ለጥፋ መፈተግ ጀመረች።

ወንድሟ ሮጦ ወጣ። «ምን እያደረግሽ ነው? ማን ንኪ አለሽ?»

«ዝም በል፣ እጄን ታንቀጠቅጠዋለህ።»

«ተነሺ እላለሁ! ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

ተነሳች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ያዘችለት። የእሱ ሞተር ላይ ያለው 4417 ነው። «በዚች ሴት ሰነድ ላይ ያለውን ሞተር አንተ ትነዳዋለህ። አሮጌውን በአዲሱ ወረቀት ሸጥክላት። ቀለም ቀብተህ፣ ቆርቆሮ መትተህ።»

«በስህተት ተምታቶ ነው!»

«ቆርቆሮውም በስህተት ነው የተመታው?»

የወንድሟ የአንገት ሥር ተገታተረ። «አንቺ ምን አገባሽ? ሥራ አጥተሽ ነገር ትለቅሚያለሽ! ከድሮም ዓይንሽ እኔ ላይ ነው። አባባ ይሄን ቤት ለኔ ስለሰጠኝ አንጀትሽ ሲቃጠል ኖረ!»

«አዎ ተቃጥሏል» አለች ፊውዝ። «ይሄ ግን ሌላ ነው።»

ገዢው ሰውዬ የራስ ቁሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አዋላጇ ወደ ፊት መጣች። «ስማ፤ እናንተ ቤተሰብ መሃል አልገባም። የገዛሁት ይሄንን ነው። ቁልፉን አምጣ፤ አለበለዚያ ከዚህ ሳልንቀሳቀስ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ወንድምየው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ ወረወረው። አዋላጇ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ አሮጌውንም ከጓሮው ገፍታ አምጥታ ሱቁ ውስጥ ተወችለት።

የቀረው የመብራቱ ጣጣ ነበር፤ አዲሱም ሞተር የመጣው ከዚያው ከግራ ነጂ አገር ነውና። ፊውዝ የጋራዡን የብረት በሮች ዘግታ እኩለ ቀኑን አጨለመችው። ሞተሩን ከግድግዳው አሥር እርምጃ አርቃ አቆመችና አዋላጇን ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት፤ ሰው ካልተቀመጠበት የኋላው ከፍ ብሎ መለኪያውን ያሳስታል። አጭሩን መብራት አበሩት። ግድግዳው ላይ የብርሃኑ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄድና በግራ በኩል ሽቅብ ይወጣል።

«ታያለሽ?» አለች ፊውዝ። «እዚህ በቀኝ ነው የምንነዳው። ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን በቀኝ፣ የመንገዱን ዳር ማሳየት ነበረበት። አሁን ግን ፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይኑ የጠፋበት ሹፌር ደግሞ የሚመጣው ወዳንቺ ነው። ይሄን በናስትሮ ነው እደፍናለሁ ያለው።»

መስታወቱን ከነቤቱ ፈታች። በቀኝ ለሚነዳበት አገር የሚሆነውን ከመለዋወጫ ሻጭ አስመጣች፤ ሶኬቱ አልገጥም ሲላት ተሳድባ ገመዱን ቆርጣ እንደገና በየደች። ጠመኔ ወስዳ ከመብራቱ ቁመት ትንሽ ዝቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ አሰመረችና፣ ጠርዙ መስመሩ ላይ እስኪተኛ ድረስ የማስተካከያዋን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ሩብ አዞረች። አሁን ብርሃኑ በግራ ተኝቶ በቀኝ ብቻ ተነሳ። አዋላጇ አመሰግናለሁ አላለችም፤ ፊውዝም አልጠበቀችም።

በማግስቱ ጣቢያው ድረስ አብረው ሄዱ። መርማሪው ከሰላምታ በፊት ባትሪውን የሚያበራ ቀጭን ሰውዬ ነው። የመሪውን አንገት አየ፣ ከሰነዱ ጋር አስተያየ፣ መብራቱን በመለኪያው ፊት ፈተሸ። ስህተት ሲያጣ ቅር ያለው መሰለ።

«መብራቱ አልፏል። ቁጥሩም ገጥሟል» አለና ቀና አለ። «ግን ባለፈው ያመጣሽው ይሄ አልነበረም። ያኛው የት ገባ?»

አዋላጇ ወደ ፊውዝ ዞረች። ፊውዝ እዚህ ላይ ዝም ብትል ማንም አያስገድዳትም ነበር። የአንድ እናት ልጅ ነው። እናታቸው ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው፤ መድኃኒቷን የሚገዛላት እሱ ነው። ያም ሆኖ ያ አሮጌ ሞተር አሁንም ሱቁ ውስጥ አለ፤ ነገ ሌላ ቆርቆሮ ተመትቶበት ለሌላ ሰው ይሸጣል። ሁለቱን የእርሳስ ወረቀቶች ከቦርሳዋ አወጣች።

«ያኛው ይሄ ነው» አለች። «ሻጩ ወንድሜ ነው።»

መርማሪው ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ወንድምሽ? ይሄን ፈርመሽ ትሰጫለሽ?»

«እስክሪብቶ አምጣ።»

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው የወንድሟን ሱቅ አሸጉት። አዋላጇ ታርጋዋን አስራ በዋናው መንገድ ስታልፍ ክላክስ አደረገችላት፤ ከዚያ ወዲያ ተያይተው አያውቁም። ወንድሟ በኮምፔንሳቶው በኩል ግማሽ ቀን ሙሉ ሲሰድባት ዋለ። እሷም ዝም አላለችም፤ ጎረቤት እስኪሰለቸው ተሰዳደቡ።

ማታ ልትዘጋ ስትል እናቷ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ ወንድምሽ ላይ ፈረምሽ?»

«ፈርሜያለሁ እማዬ።»

«እኔ ስሞት የሚቀርሽ እሱ ብቻ አይደል? ነገ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው።»

«አልጠይቅም። በዚያ መብራት አንድ ሰው ቢሞት ኖሮ እሱ ማንን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር?»

«እንግዲያው ቤቴ እንዳትመጪ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ፊውዝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ልታለቅስ ትችል ነበር፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። አንድ ሚኒባስ ከነተዘረገፈ ሽቦው ለነገ ቀጠሮ ቆሞ ነበር። በሩን መዝጋቱን ተወችና ካቻቢቴዋን አንስታ ሥሩ ገባች።