ሐጂ አደራ ያሉኝ ማራቶን

የሱቅ ጎረቤቴ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሳይሞቱ በአካል ተገኝተው ማየት የሚፈልጓቸው ውድድሮች ሦስት ነበሩ። አንደኛ፣ ማራቶን፣ በውጭ አገር አስፋልት ላይ። ሁለተኛ፣ አሥር ሺህ ሜትር፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ከሚደወልበት ቦታ አጠገብ ተቀምጦ። ሦስተኛ፣ የዓለም ዋንጫ፣ «ማንም ከማንም ይጫወት።» ዝርዝሩን በደብተሬ ላይ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ቅደም ተከተሉን እንዳላዛባ ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል። እሳቸው ለሐጅ ከመሄዳቸው በቀር ከአገር ወጥተው አያውቁም።

ሱቆቻችን መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ጎን ለጎን ናቸው። እሳቸው የሱፍ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ፤ እኔ ለልብስ ሰፊዎች ገበርና ክር። ፊደል የቆጠርኩት ሦስተኛ ልጄን ጡት ካስጣልኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። በዚያው ሰሞን የሐጂ ዓይን መድከም ጀምሮ ስለነበር የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ እኔ ዘንድ ያመጡት ጀመር። ስሳሳት አያልፉኝም። ቁጥር ከዘለልኩ፣ «ሰከንዷስ? ሰከንዷን የት ጣልሻት?» ይሉኛል።

በመጨረሻ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላልፍ አለ። ሐኪሙም ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም አላቸው። ቢሆንም በውድድር ቀን የልብስ ቁልፍ የሚሸጠው የሕንፃችን ሰው ሱቅ ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ፊት ከሁሉ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ማን እንደመራ፣ ማን እንደቀረ እነግራቸዋለሁ። ስለ ዝርዝሩ ግን ማውራት ተዉ። አንድ ቀን ሳነሳባቸው፣ «እሱ ለዓይናማ ነው» ብለው ወሬውን ወደ ሱፍ አዞሩት።

አምና ከዱባይ ዕቃ የምታመጣው የባለቤቴ እህት ወገቧን አሟት አብሯት የሚሄድ ሰው ፈለገች። የምንሄድበትን ሳምንት ስትነግረኝ፣ እዚያ ማራቶን የሚሮጠው በዚያው ሳምንት እንደሆነ ትዝ አለኝ። ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው። የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡና፣

«ዕቃ አላዝሽም፤ አደራ ነው የምሰጥሽ» አሉኝ። «አንደኛ የሚወጣው ልጅ ሪቫኑን ሲበጥስ ፊቱን አይተሽ ንገሪኝ። ቴሌቪዥኑ ያየውን አይደለም። ያንቺ ዓይን ያየውን።»

«እሺ፣ ሐጂ።»

በውድድሩ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የመርካቶ ሰው አይደለሁ? ቦታ የሚገኘው ቀድሞ በመድረስ ነው። ለግፊያ ተዘጋጅቼ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሻርፔን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወደ መንገዱ ብቅ ስል ማንም የለም። መጥረጊያ የያዘ አንድ ሰው ብቻ አየኝና ሥራውን አቁሞ ወገቤን ተመለከተ። ሻርፔን ፈታሁት።

መጨረሻው መስመር ጋ ደግሞ አጥር ነበር። መታወቂያ አንገቱ ላይ ያላንጠለጠለ ሰው የሚቆመው ሩቅ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎች ጀርባ ነው። ከዚያ የሚታየው አንድ ትልቅ ስክሪን ነው። ውድድሩ ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ስክሪኑን አየሁ። የቁልፍ ሻጩ ቴሌቪዥን ነው፣ ተልቆ። አደራው ያለው እዚህ ነው፤ የእኔ ዓይን ግን እዚህ ምንም አያይም። ቆሜ አሰብኩበት። ከዚያ እያወቅሁ፣ አጥሩን ተከትዬ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ፤ አጥሩ እስኪያልቅ።

እዚያ በእረፍት ቀናቸው ባንዲራ ይዘው የወጡ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ቆመዋል። አንዷ ጠጋ ብላ፣

«እትዬ፣ ልጅዎ ይሮጣል እንዴ?» አለችኝ።

«የለም። የጎረቤቴን አደራ ይዤ ነው።»

«የእሱ ልጅ ነዋ የሚሮጠው።»

«የእሱም ልጅ አይሮጥም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚሮጥላችሁ?» ብላ ጓደኞቿን አሳቀችብኝ።

ሞተር ብስክሌት አለፈ፤ ሰዓት የጫነ መኪና አለፈ፤ ከዚያ መጡ። አምስት ነበሩ። ልጆቹ እልል አሉ። ከመታጠፊያው ብቅ ካሉ ጀምሮ አልፈውኝ እስኪሄዱ ስምንት ሰከንድ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ወደ መጨረሻው መስመር ብሮጥም አልደርስም። ጊዜው ማለፉን ሳውቅ ለቁልፍ ሻጩ ደወልኩ።

«ማን አሸነፈ?»

ወዲያው የሕንፃው ሰው ሁሉ ሳቅ በስልኩ ውስጥ መጣ። «ስሙ፣ ስሙ! ዱባይ ቆማ መርካቶን ‹ማን አሸነፈ?› ትለዋለች! ነይ በቃ፣ እኛ እንተርክልሻለን!»

ሐጂን አገናኘኝ አላልኩትም። ፈራሁ።

በተመለስን ማግስት ጠዋት የራሴን ሱቅ ሳልከፍት እሳቸው ጋ ገባሁ። ቁልፍ ሻጩ ተከትሎኝ፣ «ሐጂ፣ ዘጋቢያችን መጣች!» አለ። ሐጂ አልሳቁም። እጃቸውን ከጨርቁ ጥቅል ላይ አንስተው፣

«ፊቱ እንዴት ነበር?» አሉ።

መዋሸት ቀላል ነበር። በቴሌቪዥን ስንት ፊት አይቻለሁ።

«አላየሁትም፣ ሐጂ። መጨረሻው ላይ አልነበርኩም። ትቼው ሄድኩ።»

«አደራ ብዬሽ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ቁልፍ ሻጩ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ቀስ ብሎ ወጣ።

«ታዲያ ምን አየሽ?» አሉኝ፣ የማያውቁትን ሰው እንደሚጠይቁ።

ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ከድምፁ ጀመርኩ። ጫማቸው አስፋልቱን ሲነካ እንዳሰብኩት ከባድ አይደለም አልኳቸው። ቀላል ነው፤ የአምስቱም አንድ ላይ ይገጥምና ወዲያው ይበታተናል። ትንፋሻቸው ከጫማቸው ይጎላል፤ የአንዱ አፍንጫ ያፏጫል። ሌላው ጎኑ ያለውን «ሂድ፣ ሂድ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲያልፉ ነፋሳቸው የቀሚሴን ጫፍ አነሳው።

ሐጂ ፊታቸውን መለሱ።

«ምን ያህል ይርቁሽ ነበር?»

«ሁለት ክንድ። ቢበዛ ሁለት ክንድ ከስንዝር፤ አጥሩ ያለቀበት ቦታ ነው የቆምኩት።»

«እስቲ ጫማቸውን ምቺው።»

በጣቶቼ ጠረጴዛውን መታሁ፤ በሰከንድ ሦስት፣ ስምንት ሰከንድ ሙሉ። የእኔ ሱቅ በር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ገበር ፈልጎ ይጣራል፤ አልተነሳሁም። ሐጂ ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርገው ሰሙ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ቴሌቪዥኑ ይኼን አሰምቶኝ አያውቅም።»

«ሰውየው ያወራበታላ።»

«‹ሂድ› ያለው ለማን ነው? ለወገኑ ነው ለባላጋራው?»

«እሱን አላወቅሁም።»

ጢማቸውን ዳበሱ።

«አጥሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ወንበር ይፈቀዳል?»

«እኔ ቆሜ ነበር። ወንበር ይዞ የመጣ አላየሁም፤ የከለከለም አላየሁም።»

«ጠይቂልኛ!» አሉኝ። «እግሬ ብዙ መቆም አይችልም።»