የዓብዱራህማን ቂብላ

እማማ ኩብራ ከአልዩ አምባ ራቁ ቢባል ደብረ ብርሃን ድረስ ነው። ዘንድሮ ግን ኪሪባቲ የሚባል፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለ የደሴቶች አገር ለመሄድ ቆርጠው ተነሡ። የመርከብ መካኒክ የነበረው ልጃቸው ዓብዱራህማን ጉዞ ላይ ሕመም ጥሎት እዚያ ሞቷል፤ እዚያው ተቀብሯል።

መጀመሪያ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ችለውት ነበር። ያልቻሉት የመቃብሩ ፎቶ በስልክ ሲመጣ ነው። ከመቃብሩ ባሻገር ጀምበር ባሕር ውስጥ ስትገባ ይታያል። ፊቱን ወደ ጀምበር መጥለቂያ አድርገን አስተኛነው የሚል መልእክትም አብሮ አለ። እማማ ኩብራ ዕድሜ ልካቸውን የሰገዱት ወደ ሰሜን ነው፤ የአልዩ አምባ ሙታንም ፊታቸው ወደ ሰሜን ነው፣ መካ በዚያ ናትና። ልጄን ቂብላ አሳቱት አሉ። ሼሁ አላህ የሚያየው ኒያውን፣ የልብን ሐሳብ ነው ቢሏቸውም፣ ሄጄ አዙሬ ሳላስተኛው አላርፍም አሉ።

ጎረቤት እንግዲህ ዋና ይማሩ እያለ ቀለደ። ልጃቸው ጁወይሪያ ግን ሳትቀልድ የፓስፖርት ቀጠሮ ያዘችላቸው፤ አውሮፕላኑ የት የት እንደሚያርፍም አስረዳቻቸው። እሳቸው አዲስ ከፈን፣ የመገነዣ ጨርቅ፣ ገዝተው ሻንጣቸው ውስጥ ለስንቅ ካሰናዱት በሶ ሥር አኖሩ።

ቀጠሮው ሲቃረብ ፍሥሐ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የጎረቤላ ቄስ ልጅ ነው፤ ከዓብዱራህማን ጋር አንድ መርከብ ላይ ይሠራ የነበረ፣ ፎቶውንም የላከ እሱ ነው።

«አልፈርድብህም፤ አንተ ክርስቲያን ነህ» አሉት እማማ ኩብራ። «ግን ልጄ፣ እዚያ አገር የሚያውቅ ሰው አጣችሁ?»

ፍሥሐ ቀስ ብሎ፣ የቀበሩት የደሴቲቱ ሙስሊሞች እንደሆኑ፣ ጀናዛው ላይ ሲሰግዱ እሱ ጫማውን አውልቆ ከኋላ እንደቆመ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደምትጠልቀው ጀምበር እንዳዞሩ ነገራቸው።

«መካ ሰሜን የሆነችው ለኛ ነው፣ እማማ። እነሱ ያሉት ከፀሐይ መውጫ ወገን ነው፤ ለነሱ መካ ምዕራብ ናት።»

ጁወይሪያ ስልኳ ላይ ካርታውን ከፍታ አየች፤ እውነቱን ነው አለች።

እማማ ኩብራ ካርታው ላይ ጎንበስ አሉ።

«አገራችንስ? እሱም በዚያው በኩል ነው?»

«በዚያው በኩል ነው።»

«እንግዲያ ፊቱ ወደኛ ነዋ።»

ተነሥተው ከፈኑን ከሻንጣው አወጡ፤ ጭናቸው ላይ አድርገው አጠፉት፣ ፈቱት፣ መልሰው አጠፉት። እስከዚያች ሰዓት ልጃቸው መጥተው እንዲያዞሩት የሚጠብቃቸው ይመስላቸው ነበር። መርዶው ከመጣ ጀምሮ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ።

ማምሻውን ጁወይሪያ ቀጠሮውን ምን ላድርገው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይቅር» አሉ። «በደንብ ተኝቷል። አልቀሰቅሰውም።»