የሴቶቹ ተራ

እርጥብ የከበሮ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ የከብትም የዝናብም። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ ሸተተኝና የድሮው ብስጭቴ ተነሣ። በዚህ ዕድሜዬ።

በጣሊያን ጊዜ ነው፣ መተማ። የምሽጉ ሹም ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ከልክሎ ሳለ ለሰኔ ሚካኤል ታቦቱ እንዲወጣ ፈቀደ። ቀትር ሲሆን ግን ከበሮው ዝም እንዲል፣ ሰውም እንዲበተን በአስተርጓሚው አስነገረ።

የሴቶቹን መዝሙር የሚመርጡትና የሚያወጡት አንዲት መነኩሴ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሳል ስለጠናባቸው ማውጣቱን ለእኔ ሰጡኝ። ገና ፊደል አልቈጠርሁም፤ ቃሉን በጆሮዬ አስያዙኝ። አንዱን መዝሙር «ይሄ የሰርግ ይመስላል» ብለው ጣሉት። ሌላውን ደግሞ «ሰው ዱር ገብቶ ደስ ይበለን እንበል?» ብለው ተዉት። የቀረው «መንገደኛውን መልስልን» የሚለው ነበር። አንድ ልጃቸው ከአርበኞቹ ጋር ነው። ይህን በሚካኤል ፊት፣ በሴቱ ሁሉ አፍ ማስባል ነበር ምኞታቸው።

የሴቶች ተራ የሚደርሰው ግን ካህናቱ ወረቡን ሲጨርሱ ነው። አባቴ የጎንደር መሪጌታ ነበሩ፤ ከጎጃም ሸሽተው የመጡ ሌላ መሪጌታም ነበሩ። ታቦቱ ወጥቶ ዋርካው ሥር እንደቆመ፣ በማን አገር አቋቋም ይወረብ በሚል ሁለቱ ተያያዙ።

«የእናንተ አቋቋም ሰው ያስተኛል» አሉ የጎጃሙ።

«የእናንተስ? ሰሊጥ ታራግፋላችሁ እንጂ ትወርባላችሁ?» አሉ አባቴ።

ቄሰ ገበዙ «በየተራ ይሁን» ብለው አስማሟቸው። ተመስገን ከማለቴ፣ ደግሞ ማን ይጀምር ተባለ።

«ደብሩ የእኛ ነው።»

«እንግዳ ይቀድማል እንጂ፣ ጌታው።»

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ ጥላችን እግራችን ሥር ገባ። መነኩሴዋ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቃሉን እየከለሱልኝ ነው። በመጨረሻ የጎጃሙ ጀመሩ፤ አባቴም ላለማነስ ተራቸውን አስረዘሙት። አስተርጓሚው መጣ። «አባቶች፣ ይብቃ» አለ፣ እሱም እንደማፈር ብሎት። ታቦቱ ገባ። እልልታ እንኳ አልጠገብንም።

መንገድ ላይ አባቴን «የሴቶቹስ?» አልኋቸው።

«ለኅዳር ይደርሳል፣ ልጄ» አሉኝ። ከጎጃሙ መሪጌታ ጋር ለአንድ መሶብ እየቸኮሉ ነበር፤ እየተሳሳቁ።

ለኅዳር ታቦት አልወጣም። መነኩሴዋንም የክረምቱ ወባ ወሰዳቸው። ልጃቸው ይመለስ አይመለስ ሳያውቁ ሄዱ።

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ጎጇቸው ሄጄ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሣር ክዳኑ ይንጠባጠባል። ስለ መሪጌቶቹ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ የተናገርሁት። «በይ አውጪው» አሉኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወጣሁ። የሴቱ ሁሉ የሆነውን አዝማች ብቻቸውን ተቀበሉ። ሳሉ ሲይዛቸው እጠብቃለሁ። ሲለቃቸው «የት ደረስን?» ይሉኛል፤ እኔም ካቆሙበት አወጣላቸዋለሁ።