ቢስሚላህ እስኪያልቅ

ወልድያ ቤቴ ሽንኩርት እየላጥሁ ሳለ ከልጄ ስልክ «ጧ!» የሚል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ቪዲዮው ላይ አንድ ፈረንጅ በማጥመጃ ዘንግ የላስቲክ እንቁራሪት ሣር በሸፈነው ውሃ ላይ ይጎትታል። ዓሣ ዘሎ ሊጎርሳት ሲል ፈረንጁ ዘንጉን መነጨቀው፤ እንቁራሪቷ ባዶዋን ተመለሰች።

እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርሁ። አጎቴ አያ ሙሄ ከአሮጌ ሸበጥ እንቁራሪት ቆርጦ፣ ሆዷ ላይ መንጠቆ ሰክቶ፣ በገመድ አስሮ፣ ግራና ከተማ አጠገብ ወዳለው ኩሬ ይወስደኝ ነበር። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ከቅጠሉ ሥር «ጧ!» ሲል ደንግጬ እስባለሁ፤ ሸበጧ ጭቃ ጭቃ እየሸተተች በጆሮዬ ሥር ታልፋለች። አንድ ቀን ግን አያ ሙሄ በማግስቱ ጅዳ ሊሄድ ስለነበር፣ ዓሣው ሲያመልጠኝ እንባዬ መጣ።

«አሁን ድምፁን ስትሰሚ ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም በይ፤ ጨርሰሽ ሳቢ» አለኝ።

«ዓሣው ቢስሚላህ ያውቃል እንዴ?»

«እሱ ባያውቅ እጅሽ ይማራል።»

አልገባኝም። ግን እንዳለኝ ብዬ፣ ጨርሼ ሳብሁ። ገመዱ ከበደ፤ መዳፌን አቃጠለው። አምባዛው ረጅም ጢሙን እያወዛወዘ ወጣ።

ዓሣው ጎርሶ ወደ ታች እስኪዞር ቢስሚላህ የሚባልበትን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አያ ሙሄ ይህን አውቆ ነው ወይስ በቢስሚላሁ ተማምኖ? ዛሬም ይገርመኛል።

ልጄ ቪዲዮውን ደገመው። «ጧ!» ፈረንጁ ወዲያው መነጨቀ። የእኔ እጅ ግን ቢላዋውን እንደያዘ ቆሟል፤ ከንፈሬ ገና «ረህማኒ» ላይ ነው።